ከ100 ኳስ 56ቱን ብቻ የሚያደርስ ኳርተርባክ ትመርጣላችሁ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ሰላም ለሁላችሁ። የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ድራፍት በደረሰ ቁጥር እኛ ቤት ክርክር ይነሳል። ልጄ 17 ዓመቱ ነው። እዚሁ ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ የአሜሪካን ፉትቦል ከእኔ በላይ ያውቃል። እኔ አገሩ ከገባሁ 22 ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ጨዋታው ጨርሶ አልገባኝም ነበር። አሁን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቴሌቪዥኑን ቀድሜ የምከፍተው እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ያከራከረን አንድ የኮሌጅ ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪ) ነው። ስሙን አላነሳም፤ ካነሳሁት ወሬው ሁሉ የደጋፊዎች ጭቅጭቅ ይሆናል። ልጁ ቁመናው ያማረ ነው። ክንዱ መድፍ ነው። ሲሮጥም ሁለት ሰው ታቅፎት አይወድቅም። ግን ከሚወረውራቸው 100 ኳሶች ለራሱ ሰው የሚደርሱት 56፣ ቢበዛ 57 ናቸው። ልጄ “ባባ፣ ከ60 በታች የሆነ ልጅ በመጀመሪያው ዙር አይነካም” ብሎ ድርቅ አለ። “ኮሌጅ ውስጥ ሰፊ ሆኖ ያልታየው ቀዳዳ እዚያ ጠቦ ሊታየው ነው?”

እኔ የማነሳበት ጆሽ አሌንን ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አሌን ካሊፎርኒያ ውስጥ ፋየርቦ በምትባል ትንሽ የእርሻ ከተማ፣ ከገበሬ ቤተሰብ የወጣ ልጅ ነው። ሃይስኩል ሲጨርስ አንድም ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አልፈለገውም። ቁመቱንም ገና አልጨረሰም ነበር። ሪድሊ የሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገባ። ከዚያ በመላው አገሪቱ ላሉ አሰልጣኞች በራሱ እጅ ኢሜይል ላከ። መጨረሻ ላይ በሩን የከፈተለት ዋዮሚንግ ነው። እዚያም በሁለተኛው ጨዋታው የአንገትጌ አጥንቱ (ኮላርቦን) ተሰብሮ የ2015 ዓመቱ ባከነ።

በ2016 28 ታችዳውን (እንደ ጎል የሚቆጠር ነው) ወረወረ፤ 15 ኳስ ደግሞ ለባላጋራ ሰጠ። በኮሌጅ ዘመኑ በድምሩ ከ100 ኳስ ያደረሰው 56 ነው። ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሲገጥም ደግሞ ይብስ ነበር። ኔብራስካ ላይ አምስት ኳስ ተነጠቀ፣ 52 ለ17 ተሸነፉ። በ2017 አይዋ 24 ለ3፣ ኦሪገን 49 ለ13 አሸነፏቸው። ኦሪገን ላይ 24 ወርውሮ 9 ብቻ ነው ያደረሰው። በዚያን ጊዜ ልጄን የሚያክል አስተዋይ ሰው ሁሉ “ይሄ ልጅ አይሆንም” ብሎ ጽፏል። ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም፤ ቁጥሩ እውነት ነበር።

ቡፋሎ ቢልስ ግን በ2018 ከ12ኛ ወደ 7ኛ የመምረጫ ተራ ለመውጣት ሁለት የሁለተኛ ዙር ምርጫ ጨምሮ ለታምፓ ቤይ ከፈለና ወሰደው። በ2020 ከ100 ኳስ 69 አደረሰ። በ2024 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። በ2018 ሚያዝያ ላይ፣ ውጤቱን ሳናውቅ፣ ምን ብናይ ኖሮ ይህን ልጅ እንመርጠው ነበር? ከሆነ በኋላማ ሁላችንም አዋቂ ነን። ልጄን በ“አሌን ተሳክቶለታል” ብቻ ማሳመን አልፈልግም። እኔ ራሴም በዚያ አልረካም።

---

ቁጥር ወዳጅ (ሲያትል)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ከልጅህ ጎን ነኝ።

አሌን አንድ ነው። በእሱ መንገድ ሄደው የቀሩትን ግን ማንም አያነሳቸውም። እዚህ እኛ ከተማ ጄክ ሎከር ነበር። ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሲጫወት ከተማው በሙሉ ያከብረው ነበር። ሯጭ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ከ100 ኳስ 54 ነበር የሚያደርሰው። በ2011 ቴነሲ በ8ኛ ተራ ወሰደው። “እዚያ ሲገባ ይስተካከላል” ተባለ። ጉዳትም ተጨመረበትና በ2015 ገና በ26 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።

ካይል ቦለርን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። በኮሌጅ ዘመኑ ድምር ከ100 ኳስ 50 እንኳ አላደረሰም። ከድራፍቱ በፊት ግን ሜዳው መሃል ተንበርክኮ ኳሱን በጎል ቋሚዎቹ መካከል አሳለፈ ተባለ። ሰው ሁሉ አበደ። ባልቲሞር በ2003 በ19ኛ ተራ ወሰደው። እንግዲህ ተንበርክኮ የሚወረውር ኳርተርባክ በየትኛው ጨዋታ ላይ ነው የሚያስፈልገው? ክርስቲያን ሃክንበርግ በ2016 በሁለተኛው ዙር ለኒው ዮርክ ጄትስ ሄደና አንድም መደበኛ ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ።

ቅርብ ጊዜ ደግሞ አንቶኒ ሪቻርድሰን አለ። በ2023 ኮምባይን (ከድራፍቱ በፊት ልጆቹ የሚለኩበትና የሚፈተኑበት) ላይ 1 ሜትር ከ93 የሚሆን፣ 110 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 40 ያርዱን በ4.43 ሰከንድ ሮጠ። በቁመት ዝላይ የኳርተርባኮችን ክብረ ወሰን ሰበረ። ኮሌጅ ላይ በቋሚነት የጀመረው 13 ጨዋታ ብቻ ነበር፣ መቶኛውም 54 አካባቢ። ኢንዲያናፖሊስ በ4ኛ ተራ ወሰደው። የመጀመሪያ ዓመቱን ትከሻው ተጎድቶ በአራት ጨዋታ ጨረሰ። በ2024 ያደረሰው ከ100 ኳስ 48 አይሞላም። በ2025 ቦታውን ለዳንኤል ጆንስ ለቀቀ።

አባቶቻችን “ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” ይላሉ። ቁመትና ክንድ ሜዳው ድረስ ያደርሱሃል። ውጊያው ሌላ ነው።

---

ጉለሌ ልጅ (አዲስ አበባ)

ይቅርታ፣ እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ፤ ክሩ ስቦኝ ነው ያነበብኩት። ድራፍት ማለት ምንድነው? ለምንድነው ክለቡ የሚፈልገውን ልጅ ዝም ብሎ የማይገዛው?

---

የሲልቨር ስፕሪንጉ

@ጉለሌ ልጅ እንኳን ጠየቅክ ወንድሜ። እዚህ ልጆቹ ከኮሌጅ ሲወጡ 32ቱ ክለቦች በተራ ይመርጧቸዋል። ሰባት ዙር አለው። ባለፈው ዓመት የተሸነፈው ቅድሚያ ያገኛል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ይሰለፋል። ተራህን ለሌላ ክለብ መሸጥና መለወጥ ትችላለህ። ኳርተርባክ ማለት ደግሞ ኳሱን ይዞ ለማን እንደሚሰጥ በሦስት ሰከንድ ውስጥ የሚወስነው ልጅ ነው። እሱ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ቢሟላም አይሆንም። ለዚህ ነው ክለቦች በ21 ዓመት ልጅ ላይ የብዙ ዓመት ተስፋቸውን የሚጥሉት።

---

በረኛው ኮች (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም። እኔ አንድ ሃይስኩል ውስጥ በበጎ ፈቃድ ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። ኳርተርባኮቹን የማየው እኔ ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ የእግር ኳስ በረኛ ነበርኩ። እጅ ስለለመድኩ ነው መሰል ይሄ ጨዋታ ቶሎ የገባኝ።

@ቁጥር ወዳጅ ያልከው ሁሉ ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር። 56 የሚለው ቁጥር 44 ኳስ እንደሳተ ይነግርሃል። ለምን እንደሳተ አይነግርህም። ለእኔ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው።

ኳስ ከክንድ የሚወጣ ይመስላችኋል። ከእግር ነው የሚወጣው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ልጅ ወደ ኋላ ይሸሽና ቀኝ እግሩን ይተክላል። ከዚያ ግራ እግሩን ወደሚወረውርበት አቅጣጫ ያራምዳል። ዳሌው ይዞራል፣ ትከሻው ይከተላል፣ ክንዱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ግራ እግሩን አብዝቶ ካስረዘመ ሰውነቱ ወደ ኋላ ይቀርና ኳሱ ከተቀባዩ ራስ በላይ ያልፋል። እግሩ ወደ ጎን ከከፈተ ኳሱ ከተቀባዩ ጀርባ ይሄዳል። ባለፈው መስከረም አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነበረኝ። አሥር ሲወረውር ስድስቱ ወደ ሰማይ ነው። ሁሉም “ልጁ ዓይን የለውም” ይላል። ሣሩ ላይ በነጭ ቀለም መስመር አሰመርኩለት። “ግራ እግርህ ይቺን መስመር እንዳያልፍ” አልኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም። በሦስተኛው ሳምንት ኳሱ ደረት ላይ ማረፍ ጀመረ። እናቱ አጥር ጥግ ቆማ ስታጨበጭብ አሁንም ይታየኛል።

እንደዚህ ያለ ስህተት ይታረማል። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይታረማል።

ሌላ ዓይነት ስህተት አለ። ልጁ ኳሱን በትክክል ይወረውራል፤ የሚወረውረው ግን ለተሳሳተ ሰው ነው። ተከላካዩ ቆሞ እየጠበቀ አያየውም። ወይም ያየዋል፣ ግን ክንዱን ስለሚያምን ይወረውራል። ይሄኛው ከባድ ነው። ሣር ላይ መስመር አስምረህ አታርመውም። ሦስተኛው ደግሞ ሰው ሲመጣበት ዓይኑን ከሜዳው አንስቶ የሚመጡበትን ሰዎች ማየት የሚጀምር ልጅ ነው። እሱን እኔ በበኩሌ ሲድን አይቼ አላውቅም። የቀረው የልጁ ጥፋት እንኳ አይደለም። ተቀባዩ ከእጁ የሚጥለው አለ። ከመጠለፍ ይሻላል ብሎ ሆን ብሎ ወደ ውጭ የሚጥለው አለ። ሁሉም ግን “ሳተ” ተብሎ አንድ ላይ ይቆጠራል።

አሌንን በአካል አይቼዋለሁ። ላራሚ ከእኛ የሁለት ሰዓት ከምናምን መንገድ ነው። በ2017 አንድ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ሄድን። ስታዲየሙ 7,220 ጫማ ከፍታ ላይ ነው፤ በእኛ መለኪያ 2,200 ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ዝቅ አይልም። ነፋሱ ግን የአዲስ አበባ አይደለም፣ አጥንት ይገባል። ጨዋታው ሳይጀመር ሲያሟሙቁ አጥሩ አጠገብ ቆምን። ሌሎቹ ሲወረውሩ ኳሱ ጓንት ላይ ሲያርፍ “ፓፍ” ይላል። የእሱ ጥይት ነው የሚመስለው። አምስት ያርድ ላይ ላለ ሰው እንኳ በሙሉ ኃይሉ ነው የሚለቀው። ተቀባዮቹ እጃቸውን ሲያራግፉ አይቻለሁ። ለስላሳ ኳስ መስጠት አያውቅም ነበር። እግሩም እንደፈለገ ነው የሚሄደው።

እኔ ያን ቀን የጻፍኩት “ብዙው ስህተቱ ከእግሩ ነው፣ ግማሹ ከመቸኮል” ብዬ ነው። ሰው ሲመጣበት ዓይኑን አያወርድም ነበር። እንዲያውም ሲከበብ ነው የሚደምቀው። ያን አይቼ “ይሄ ልጅ ከታገሡት ይሆናል” አልኩ። መቶ በመቶ እርግጠኛ ነበርኩ ግን አልልም።

---

ሚኒያፖሊስ ነኝ

ኮች፣ ስለ “ሲከበብ ይደምቃል” ያልከው አንድ ነገር አስታወሰኝ።

መስከረም 2018። ቢልስ እዚህ እኛ ጋ መጡ። ያን ቀን የእኛዎቹ ቫይኪንግስ እንደሚያሸንፉ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ቢልስ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን በባልቲሞር 47 ለ3 ተረምርመዋል። እኔ ሥራ ቦታ ካሉ ልጆች ጋር ስታዲየም ነበርኩ። ከፍ ብለን ነው የተቀመጥነው።

ልጁ ኳሱን ይዞ ወጣ። ፊት ለፊቱ አንቶኒ ባር አለ። ባር ትልቅ ሰው ነው፤ ቁመቱ ከአሌን አያንስም። ባር ጎንበስ ብሎ እግሩን ሊይዝ ሲል ልጁ ዘለለው። በላዩ አለፈ፣ በእግሩ አረፈ፣ መሮጡን ቀጠለ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ የያዘውን ናቾስ ጉልበቱ ላይ ደፋው። ስታዲየሙ ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ከዚያ የራሳችን ሰዎች ናቸው ያጨበጨቡት። 27 ለ6 አሸነፉን።

ግን ልብ በሉ፣ ያን ዓመት በድምሩ ከ100 ኳስ ያደረሰው 53 አይሞላም። ከኮሌጁም የባሰ ነው። ያን ዓመት ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው “አልነገርኳችሁም?” ይል ነበር። ብዙዎች ብለዋልም።

---

እመቤት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሁላችሁም ስለ ልጁ ነው የምታወሩት። ስለሚገባበት ቤትስ?

እኛ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ያለን ሰዎች ሮበርት ግሪፈንን አንረሳም። ልጁ ቁጥሩም፣ እግሩም፣ ክንዱም የተሟላለት ነበር። በ2011 ቤይለር ላይ ከ100 ኳስ 72 አድርሶ የሄይስማን ዋንጫ (የኮሌጅ ኮከብ ተጫዋች ሽልማት) ወሰደ። የዋሽንግተን ክለብ በ2012 ሁለተኛውን ተራ ለማግኘት ለራምስ ሦስት የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ከፈለ። የመጀመሪያ ዓመቱን ያየ ሰው አይረሳውም። ክለቡን የምድቡ አሸናፊ አደረገው። እኔ ያኔ ሆቴል ውስጥ ነበር የምሠራው። የወጥ ቤቱ ልጆች በሙሉ 10 ቁጥር ማሊያ ለብሰው ነው የሚመጡት።

ታኅሣሥ ላይ ጉልበቱ ተጎዳ። ጥር 2013 ላንዶቨር ላይ ከሲያትል ጋር በተጎዳ ጉልበት አጫወቱት። 14 ለ0 እየመሩ ነበር። በመጀመሪያው ሩብ ሲያነክስ ሁላችንም አየን። ባለቤቴ “ያውጡት እንጂ!” ብሎ ከሶፋው ተነሳ። አላወጡትም። በአራተኛው ሩብ ኳሱ ዝቅ ብሎ መጣበት፣ ሊያነሳው ሲል ጉልበቱ በራሱ ታጠፈ። ማንም አልነካውም። ያ ምስል እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ተመልሶ አልመጣም። በ2015 አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም፤ በ2016 አሰናበቱት። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ ያኔ “መጀመሪያም አይሆንም ነበር” የሚል ሰው በዛ።

አሁን ንገሩኝ፣ የግሪፈን ግምገማ ስህተት ነበር? ልጁ እኮ የተባለውን ሁሉ ነበር። ስለዚህ የአንድን ልጅ ተስፋ ስንመዝን ከልጁ ቀጥሎ መጠየቅ ያለብን የሚቀበለው ማነው የሚለውን ነው። በ22 ዓመቱ “ደህና ነኝ፣ እጫወታለሁ” የማይል ልጅ የለም። “አይሆንም፣ ቁጭ በል” የሚለው ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል። እኔም የ20 ዓመት ልጅ አለኝ። ሲታመም እንኳ “ደህና ነኝ እማ” ነው የሚለው።

---

ቁጥር ወዳጅ (ሲያትል)

እመቤት፣ ይሄን በደንብ ነው ያስቀመጥሽው። እኔም ስለ ግሪፈን ሳስብ ሁሌ ልቤ ይሰበራል።

የ2018ቱን ድራፍት በዚህ ዓይን መልሼ አየሁት። አምስት ኳርተርባክ በመጀመሪያው ዙር ወጣ። ቤከር ሜይፊልድ 1ኛ፣ ሳም ዳርኖልድ 3ኛ፣ አሌን 7ኛ፣ ጆሽ ሮዝን 10ኛ፣ ላማር ጃክሰን 32ኛ። ከአምስቱ በቁጥር የታማው አሌን ነው፤ ጃክሰንም 57 ነበር፣ እንዲያውም ተቀባይ ሁን ያሉት ሰዎች ነበሩ። የሊጉ ኮከብ የሆኑት ደግሞ እነዚያው ሁለቱ ናቸው። ጃክሰን በ2019ም በ2023ም ተሸልሟል። ስለዚህ “ከ60 በታች አይነካም” የሚለውን አቋሜን ትንሽ ላላ ላደርገው ነው። ጨርሶ አልተወውም። ሎከርና ሪቻርድሰን አሁንም አሉ።

ሮዝንን ተመልከቱ። “ወዲያው መጫወት የሚችል፣ ያለቀለት ልጅ” ተብሎ ነበር። አሪዞና ወሰደው። በዓመቱ መሃል የማጥቃት አሰልጣኙ ተባረረ። ዓመቱ ሲያልቅ ዋናውም ተባረረ። ሲጫወት 45 ጊዜ መሬት ላይ ጣሉት። በሚቀጥለው ሚያዝያ ካይለር መሪን መረጡና እሱን ለማያሚ ለወጡት። አንድ ዓመት ብቻ። ያን ዓመት ሌላ ቦታ ቢሆን ምን ይሆን ነበር?

---

ቀዝቃዛው ሮቸስተር

የቢልስ ሰው መጣ። ከቡፋሎ አንድ ሰዓት ቢሆነኝ ነው።

እኛ ጋ ምን እንደተደረገ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ እኔ ጥንቅቅ አድርጌ ተከታትዬዋለሁ። መጀመሪያ ሊያስቀምጡት ነበር። ሌላ ልጅ አስጀመሩና በመጀመሪያው ጨዋታ ነገር ሲበላሽ አሌንን ሳያስቡት አስገቡት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው የፈራሁት። ያ 2018 ከባድ ዓመት ነበር፣ ጥርሳችንን ነክሰን ነው ያለፍነው።

በ2019 ግን ቤቱን አሰናዱለት። ፊቱ የሚቆሙትን ሰዎች ለወጡ። ጆን ብራውንንና ኮል ቢዝሊን አመጡ። ቢዝሊ አጭር ኳስ ላይ ሁሌ ክፍት ሆኖ የሚገኝ ሰው ነው። ለዚያ አጭሯን ኳስ ጥይት አድርጎ ለሚወረውር ልጅ ከእሱ የተሻለ መምህር አልነበረም። 58.8 ደረሰ። በ2020 ስቴፎን ዲግስን ከሚኒሶታ አመጡለት። @ሚኒያፖሊስ ነኝ ይቅርታ፣ ቁስል ነካሁ። ዲግስ ያን ዓመት 127 ኳስ ቀልቦ ሊጉን መራ። አሌን 69.2፣ 37 ታችዳውን።

እና ከሁሉም በላይ፣ የማጥቃት አሰልጣኙን ብራያን ዳቦልን አልቀየሩበትም። አራት ዓመት ያው ሰው፣ ያው ቋንቋ። ሮዝን በአንድ ዓመት ሁለት ሰው ነው ያየው። ልጁ ራሱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ክረምት ክረምቱን ካሊፎርኒያ ከጆርዳን ፓልመር ጋር እግሩንና ዳሌውን ሲያስተካክል ነበር። ኮች ያልከው መስመር ማለት ነው።

ግን አንድ ነገር ልመን። ዕድልም ነበረበት። ዲግስ ያን ዓመት ባይገኝስ?

---

በረኛው ኮች (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

@ቀዝቃዛው ሮቸስተር ዕድሉ እንዳለ ነው። ልጁ ግን ዲግስ ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ ነው የጠበቀው።

@የሲልቨር ስፕሪንጉ ለልጅህ አንድ ሥራ ስጠው። የዚያን የምታወሩትን ልጅ አንድ ሙሉ ጨዋታ አብራችሁ እዩ። የተሳካለትን ኳስ እለፉት። የሳተውን ብቻ አቁማችሁ እዩ። ለእያንዳንዱ “እግር ነው? ዓይን ነው? ፍርሃት ነው? ወይስ የሌላ ሰው ጥፋት ነው?” በሉና ጻፉ። የጎበዝ ቡድን ላይ የተጫወተውን ምረጡ። በደካማ ቡድን ላይ ሁሉም ልጅ ቆንጆ ነው። ኮምባይን ላይ ደግሞ ተከላካይ የለም፣ ሁሉም ልጅ አንበሳ ነው። የእጅ መዳፉን ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት በኢንች ይለኩለታል። ያም ይጠቅማል፤ በብርድና በዝናብ ኳስ መያዝ የመዳፍ ነገር ነው። ፍርሃቱን ግን በኢንች አይለኩትም።

---

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እመቤት፣ ያንቺን ለባለቤቴ አነበብኩላት። እሷም ያን የግሪፈንን ጨዋታ አብራኝ አይታ ነበርና “እውነቷን ነው” አለች።

ኮች ያልከውን ቅዳሜ ማታ አደረግን። ልጄ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘ። እኔ የድሮ የሒሳብ ደብተሩን አምጥቼ አራት ዓምድ አሰመርኩ። ለአንድ ጨዋታ አራት ሰዓት ፈጀብን፤ እያንዳንዱን ኳስ አምስት ጊዜ ነው የምናየው።

መጀመሪያ ላይ ልጄ ሁሉንም “ዓይን” ብሎ ነው የሚጽፈው። ሦስተኛው ሩብ ላይ አንድ ኳስ መጣ። ተቀባዩ ወደ ግራ መስመር ሮጦ ብቻውን ነበር። ኳሱ ሁለት ሜትር በላዩ አለፈ። ልጄ “እንዴት ይሄን ይስታል!” አለና አቆመው። መልሶ አየው። ከዚያ ዝም አለ። ተነስቶ ምንጣፉ ላይ ቆመና እንደ ልጁ እግሩን አራመደ። ረዥም እርምጃ ነው። ሰውነቱ ወደ ኋላ ሲቀር ራሱ ተሰማው። “ባባ፣ እግሩ ነው” አለኝ።

ሲያልቅ ቆጠርን። ከሳታቸው 17 ኳሶች ዘጠኙ እግር ሆኑ። አምስቱ ዓይን። ሦስቱ ተቀባዮቹ ከእጃቸው የጣሏቸው ናቸው። “ፍርሃት” የሚለው ዓምድ ባዶ ሆኖ ቀረ።

ልጄ አቋሙን አልለወጠም። “አምስቱ ዓይን ብዙ ነው” ይላል። እኔም ብዙ እንደሆኑ ይታየኛል፤ ሁለቱ በተለይ መጥፎ ነበሩ፣ ተከላካዩ እያየው ነው የወረወረለት። ግን አሁን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ሆኗል። ማታ ሲተኛ “የሚወስደው ክለብ የማጥቃት አሰልጣኙ ማነው?” አለኝ። ስልኩን ይዞ የ32ቱን ክለቦች አሰልጣኞች ሲፈልግ ነው ትቼው የተኛሁት።

ሌላ ጨዋታ ለሚቀጥለው ቅዳሜ መርጠናል። በዝናብ የተጫወተው ነው። ኮች፣ እጁን ልናይልህ ነው።